ለግብርና መምህርነት ልምምድ ትምህርት ቤት እንዴት ይመረጣል? መሀል አዲስ አበባ ላሉ ሠልጣኞች

ፕራክቲከም (ትምህርት ቤት ገብቶ የማስተማር ልምምድ) በተቃረበ ቁጥር ስልኬ ላይ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የትኛው ትምህርት ቤት ይሻለኛል?» ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ግብርና ተምሮ አሁን ለመምህርነት የሚሠለጥን ሰው ነው። የሚኖረው አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ልደታ ወይም ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ወዲያው ደግሞ «መሀል ከተማ መሬት ያለው ትምህርት ቤት የት ይገኛል?» ይላል።

ስም ጠርቼ አልመልስም። መምህር ይዛወራል፣ ርዕሰ መምህር ይቀየራል፣ አምና ጎመን የነበረበት ቦታ ዘንድሮ መማሪያ ክፍል ይሠራበታል። ከስም ይልቅ የመምረጫው መንገድ ይጠቅማችኋል።

አጭሩን መልስ ለሚፈልግ፦ መጀመሪያ መምህሩን፣ ቀጥሎ ውሃውን፣ መሬቱን በመጨረሻ እዩ። መሬት በጆንያም በተቆረጠ ጀሪካንም ይተካል። ከኋላ ተቀምጦ «እዚህ ጋ ተማሪዎቹ አልተከተሉህም» የሚላችሁ መምህር ግን ምትክ የለውም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የዩኒቨርሲቲያችሁ የፕራክቲከም መመሪያ
- የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ
- የ11ኛ እና የ12ኛ ክፍል የግብርና መማሪያ መጽሐፍ (ስልክ ላይ ቢሆንም ይበቃል)
- ማስታወሻ ደብተር እና እስክሪብቶ
- ሜትር፣ ከሌለ የእርምጃችሁን ርዝመት ማወቅ
- ባለ 1 ሊትር ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከነክዳኑ፣ ለአፈር ፍተሻ
- ጭቃ የሚችል የተሸፈነ ጫማ
- የትብብር ደብዳቤ፣ ይሄ ግን በኋላ ነው፤ ደረጃ 8 ላይ እንመጣበታለን

ደረጃ 1፦ የራሳችሁን መመሪያ አንብቡ

ብዙዎች መመሪያውን የሚገልጡት ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ነው። ስንት ሳምንት ነው የምትቆዩት? በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ ማስተማር ይጠበቅባችኋል? ከዩኒቨርሲቲ የሚመጣው ገምጋሚ ስንት ጊዜ ያያችኋል? እነዚህን በአንድ ገጽ ጻፉ። ምክንያቱም ትምህርት ቤቱ የሚጠይቃችሁ የመጀመሪያ ነገር ይሄው ነው። «እሱን ገና አላየሁትም» የሚል ሠልጣኝ የሚያገኘው መልስ «አይተህ ተመለስ» ነው።

ደረጃ 2፦ ዝርዝር አውጡ

በሥራ ላይ ባለው ሥርዓተ ትምህርት ግብርና ራሱን ችሎ የሚሰጠው 11ኛ እና 12ኛ ክፍል ላሉ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ነው። 9ኛ እና 10ኛን ብቻ የያዘ ትምህርት ቤት ለእናንተ አይሆንም። ግቢው የቱንም ያህል ቢያምር ከዝርዝሩ አውጡት።

የመሀል ከተማ ሰው ከሆናችሁ ፍለጋችሁ አራዳ፣ ልደታ፣ ቂርቆስ፣ አዲስ ከተማ ላይ ይጀምራል። ካልበቃ ወደ ጉለሌና ወደ የካ ይሰፋል። በየክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ «የተፈጥሮ ሳይንስ 11ኛ እና 12ኛ ያላቸው የትኞቹ ናቸው? ስንት ስንት ሴክሽን አላቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሴክሽኑ ቁጥር ወሳኝ ነው። አንድ ሴክሽን ብቻ ያለበት ትምህርት ቤት የሚጠበቅባችሁን ክፍለ ጊዜ ላይሞላላችሁ ይችላል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሲኖር ያው ትምህርት ሁለቴ ይሰጣል። ሰኞ የተበላሸውን ረቡዕ በሌላው ሴክሽን ታስተካክላላችሁ። ልምምድ ማለት ይሄ ነው።

አምስት ወይም ስድስት ስም ይበቃል። በኮሪደር ልማት ነዋሪ የተነሣባቸው ሰፈሮች ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት ከሆነ የዘንድሮውን የተማሪ ቁጥር ጠይቁ እንጂ የአምናውን አትመኑ። ስም ደግሞ መስፈርት አይሁን። ዳግማዊ ምኒልክ ወይም ኮከበ ጽባህ አስተማርኩ ማለት ለቤተሰብ ሲነገር ደስ ይላል፤ የሚገመግማችሁ ሰው ግን የሚያየው ክፍል ውስጥ የሠራችሁትን ነው።

ደረጃ 3፦ መንገዱን በሥራ ሰዓት ሞክሩ

ካርታ ላይ አትለኩ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከቤታችሁ ተነሥታችሁ ሂዱ። እሑድ ከሰዓት ሩብ ሰዓት የሚፈጀው መንገድ ሰኞ ጠዋት የታክሲ ሰልፉን ጨምሮ ሌላ ነገር ነው። ቀላል ባቡር መስመር ላይ ከሆናችሁ፣ ማለትም ልደታ፣ ሜክሲኮ ወይም ስታዲየም አካባቢ፣ ባቡሩንም ታክሲውንም ሞክሩ፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላውን ትይዛላችሁ።

ይሄን ያህል የማካብደው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ግቢ ውስጥ የሌለ ሠልጣኝ በመጀመሪያው ሳምንት ስም ያወጣል። ግብርና ደግሞ ከሌላው ትምህርት በተለየ ቀደም ብሎ መግባት ይፈልጋል፤ መደቡ ውሃ የሚጠጣው ፀሐይ ሳይበረታ ነው።

ደረጃ 4፦ ግቢውን እዩ

መቼ እንደምትሄዱ አስቡበት። ሰኞ ጠዋት አይሆንም፤ የፈተና ሳምንትም አይሆንም። ከሳምንቱ መሀል፣ እረፍት ሰዓት ላይ ጥሩ ነው። በር ላይ ጥበቃውን በአግባቡ ሰላም በሉ። «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ፤ የመምህርነት ሠልጣኝ ነኝ፤ ምክትል ርዕሰ መምህሩን ለማነጋገር ነው» ማለት ይበቃል። ጥበቃውን አትናቁ። ውሃ መቼ እንደሚመጣ፣ ማታ ዶሮ የሚሰርቅ እንዳለ፣ ጓሮውን ማን እንደሚንከባከብ ከርዕሰ መምህሩ ይልቅ እሱ ያውቃል።

ከተፈቀደላችሁ በኋላ እነዚህን እዩ።

*ውሃ።* መሀል አዲስ አበባ ብዙ ቦታ ውሃ በፈረቃ ነው። «ቧንቧ አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ቧንቧማ ሁሉም ጋ አለ። «በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሮቶ አለ? የሮቶውን ውሃ ለጓሮ መጠቀም ይፈቀዳል?» በሉ። ሒሳቡ ይሄ ነው፦ በበጋ አንድ ካሬ ሜትር የአትክልት መደብ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። 20 ካሬ ሜትር ካላችሁ ከ80 እስከ 100 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከአራት እስከ አምስት ነው። ይሄን በየቀኑ ማን ይሸከማል? መልስ ካልተገኘለት መደቡን ቀንሱ።

*ፀሐይ።* አትክልት በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። መሀል ከተማ ግን ትምህርት ቤቱን ፎቅ ከቦታል። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ከሕንፃ በስተ ሰሜን ያለ ቦታ ጥላ ይወድቅበታል። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንፃ በታኅሣሥ፣ እኩለ ቀን ላይ እንኳ፣ ወደ ሰሜን 6 ሜትር ገደማ ጥላ ይጥላል። በሐምሌ አይታችሁ «ፀሐይ አለው» ካላችሁ በታኅሣሥ ትቸገራላችሁ።

*አፈር።* ከጓሮው አፈር የጠርሙሱን ሲሶ ሙሉ፣ ውሃ ጨምሩ፣ በደንብ በጥብጡና አንድ ቀን አስቀምጡት። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ይዘቅጣል፣ ደለሉ በሰዓታት ውስጥ ይከተላል፣ ሸክላው በመጨረሻ ይቀመጣል። የሲሚንቶ ስብርባሪና የጡብ ፍርፋሪ ከበዛበት ቦታው የግንባታ መድፊያ ነበር ማለት ነው። ያን ጊዜ መሬቱን መቆፈር ትታችሁ ጆንያ ውስጥ አፈርና ኮምፖስት ሞልታችሁ ትተክላላችሁ። ጠርሙሱንም አትጣሉት። ለመጀመሪያው ትምህርታችሁ ጥሩ ማሳያ ነው።

*ሌላው።* የዶሮ ቤት ካለ ዶሮ እንዳለበት እዩ። ብዙ ቦታ ቤቱ ብቻ ቀርቷል። መቆፈሪያ፣ አካፋ፣ ውሃ ማጠጫ ስንት አለ? 50 ተማሪ እና 4 መቆፈሪያ ካለ 46ቱ ቆመው ያያሉ፤ ክፍሉ የሚረበሸውም ያኔ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በግቢው አጠገብ ወንዝ ስላለ «ውሃ አለ» ብላችሁ አትቁጠሩት። የቀበናም የባንተይቀጡም ውሃ የቤት ፍሳሽና ቆሻሻ ይዞ የሚወርድ ነው። ሁለቱም የሚገቡት ወደ አቃቂ ነው፤ በአቃቂ ውሃ በለሙ አትክልቶች ላይ እንደ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶች መገኘታቸው በጥናት ታይቷል። ተማሪ እጁን የሚነክርበትን፣ ሰላጣውንም ቤቱ ወስዶ የሚበላውን ነገር በዚህ ውሃ አታልሙ። የጋራዥ ዘይት የፈሰሰበት ቦታ ላይም አትትከሉ።

ደረጃ 5፦ መምህሩን አግኙ

ከሁሉም ደረጃዎች ጊዜ የምትሰጡት ለዚህኛው ነው። ሜንተር (በልምምዱ ጊዜ የሚከታተልና የሚመራችሁ) የሚሆናችሁን መምህር ሳታነጋግሩ ትምህርት ቤት አትምረጡ። ርዕሰ መምህሩ «ችግር የለም፣ ኑ» ቢሏችሁም እንኳ «መምህሩን ባነጋግር ደስ ይለኛል» በሉ። አብራችሁ የምትውሉት ከርዕሰ መምህሩ ጋር አይደለም።

አንዳንድ ቦታ ግብርናን የሚያስተምረው በግብርና የተመረቀ ሰው ነው፤ አንዳንድ ቦታ የባዮሎጂ መምህር ደርቦ ይይዘዋል። ደርቦ የያዘ ሁሉ ደካማ ነው እያልኩ አይደለም። ክፍል አያያዝ ከእሱ የበለጠ ልትማሩ ትችላላችሁ። ግን የተግባር ሥራውን ብቻችሁን እንደምትወጡት አስቀድማችሁ እወቁ።

በአክብሮት፣ እንደ ምርመራ ሳይሆን እንደ ጨዋታ፣ እነዚህን አንሡ፦

- «መምህር፣ ባለፈው ሴሚስተር ተማሪዎቹን ስንት ጊዜ ወደ ጓሮ አወጧቸው?» መልሱ «አልተመቸንም» ከሆነ «ምን አስቸገረዎት?» በሉ። ምክንያቱ ውሃ ከሆነ መፍትሔ አለው። ምክንያቱ «ለምን እንለፋለን?» ከሆነ ሌላ ትምህርት ቤት እዩ።
- «እኔ ሳስተምር ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ?» ይሄ ዋናው ጥያቄ ነው። አንዳንዱ መምህር ሠልጣኝ ሲመጣለት እረፍት የመጣለት ይመስለዋል። ክፍሉን አስረክቦ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ቅጹ ላይ «በጣም ጥሩ» ሞልቶ ይፈርማል። ውጤታችሁ ያምራል፤ እናንተ ግን ምንም አልተማራችሁም።
- «ተከታታይ ሁለት ክፍለ ጊዜ ያለበት ቀን አለ?» ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ተማሪ ከፎቅ አውርዶ፣ መሣሪያ አከፋፍሎ፣ አሠርቶ፣ እጅ አስታጥቦ ለመመለስ 40 ደቂቃ አይበቃም።
- «ቋንቋውን እንዴት ያደርጉታል?» መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ጓሮ ውስጥ ግን ተማሪው የሚያወራችሁ በአማርኛ ነው። ልምድ ያለው መምህር ለዚህ የራሱ ዘዴ አለው፤ ያን ዘዴ መስማት ብቻ ጉብኝቱን ያዋጣዋል።

ከቻላችሁ አንድ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ተቀምጣችሁ እዩ። ማስታወሻ ከፈለጋችሁ ስለ ተማሪዎቹ ጻፉ እንጂ ስለ መምህሩ አትጻፉ። እየተገመገመ የመሰለው ሰው ሜንተር ሊሆናችሁ አይፈልግም። ተማሪዎች ሲሳሳቱ ምን እንደሚል ስሙ። በተማሪ ፊት የሚያዋርድ መምህር እናንተንም በተማሪ ፊት ያርማችኋል።

ደረጃ 6፦ የእናንተን ሳምንታት ከሰብሉ ጋር አስተያዩ

የልምምዱ ጊዜ አጭር ነው፤ ተክል ደግሞ አይቸኩልም። በምትቆዩበት ጊዜ የሚደርስ ነገር ምረጡ፣ ካልሆነም ሌላ ሰው የተከለው የሚገኝበትን ትምህርት ቤት።

ሰላጣ ችግኙ ከተዛወረ በኋላ ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ይፈልጋል። ቆስጣ ከዘር ጀምሮ ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ቅጠሉ ይለቀማል፣ ከዚያም ደጋግሞ ይሰጣል። ካሮት ወደ ሦስት ወር፣ ድንች ከሦስት እስከ አራት ወር ነው። ዶሮ ላሰባችሁ ደግሞ፦ የ45 ቀን ጫጩት ገዝታችሁ እንቁላል ለማየት ከሦስት ወር በላይ መጠበቅ አለ። ስለዚህ ዶሮ ከፈለጋችሁ ቀድሞ ያለበት ትምህርት ቤት ይሻላል።

በመጀመሪያው ሴሚስተር የምትገቡ ከሆነ ክረምቱ እየወጣ ነው፤ አፈሩ እርጥበት አለው፣ ከጥቅምት በኋላ ግን ሁሉም በእጅ ነው የሚጠጣው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሊመጣ ስለሚችል ቲማቲምና ቃሪያ አትድፈሩ፤ ጎመንና ቆስጣ ይችሉታል። ገና እና ጥምቀት ላይ ማን ውሃ እንደሚያጠጣ ከአሁኑ አስቡ። በሁለተኛው ሴሚስተር በልግ ይዘንባል ብላችሁ አትተማመኑ፤ አንዳንድ ዓመት ይመጣል፣ አንዳንድ ዓመት ያሳጥራል።

መጽሐፉንም አትርሱ። መምህሩን «እኔ በምመጣበት ጊዜ የትኛው ምዕራፍ ላይ ትሆናላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የእንስሳት መኖ ላይ ከሆኑ የአትክልት መደባችሁ ዋና ትምህርት ሳይሆን የክበብ ሥራ ነው የሚሆነው። 12ኛ ክፍል በሁለተኛው ሴሚስተር ሐሳቡ ሁሉ ብሔራዊ ፈተናው ላይ ነው። ምርጫ ካላችሁ 11ኛን ያዙ።

ደረጃ 7፦ ወስኑ

ነጥብ ሰጥታችሁ አትደምሩ። ሲደመር ትልቅ ግቢ ያለው መምህሩ የማይገኝበት ትምህርት ቤት ያሸንፋል። ይልቁንስ በሦስት ጥያቄ አጣሩ፦ መምህሩ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል? የሚጠበቅብኝ ክፍለ ጊዜ ይሞላል? ቢያንስ ለ10 ካሬ ሜትር ወይም ለ10 ጆንያ የሚሆን ንጹሕ ውሃ አለ? ለአንዱ እንኳ መልሱ «የለም» ከሆነ ይውደቅ። ካለፉት መካከል መንገዱ የቀረበውን ያዙ። ሁለተኛ ምርጫም ይኑራችሁ፤ የመጀመሪያው በመጨረሻ ሰዓት «ሌላ ሠልጣኝ ተቀብለናል» ሊል ይችላል።

ደረጃ 8፦ ደብዳቤውን በቅደም ተከተል ጨርሱ

መጀመሪያ የቃል ስምምነት፣ ከዚያ ደብዳቤ። አስቀድሞ ደብዳቤ ያጻፈ ሰው ትምህርት ቤቱ «አይሆንም» ሲለው አዲስ ለማጻፍ ሰልፍ ይመለሳል። ዩኒቨርሲቲው ደብዳቤውን በትምህርት ቤቱ ስም እንዲጽፍ አድርጉ። በመንግሥት ትምህርት ቤት ከሆነ ደብዳቤው በክፍለ ከተማው በኩል ማለፍ እንዳለበት ምክትል ርዕሰ መምህሩን ጠይቁ። ማህተሙን አረጋግጡ፣ ቀንና ቁጥር እንዳለው እዩ፣ ሁለት ኮፒ ያዙ። መዝገብ ቤት ስታስገቡ የእናንተ ኮፒ ላይ «ገቢ» አስደርጉበት። ደብዳቤ ይጠፋል፤ ገቢ የተመታበት ኮፒ ያለው ሰው ግን አይከራከርም።

ለዚህ ሁሉ ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት አንድ ወር ገደማ ያዙ።

ከመምህሩ ጋር ደግሞ በአንድ ገጽ ላይ አራት ነገር ተስማሙ፦ የትኞቹ ሴክሽኖች የእናንተ ናቸው፣ የትኛው መደብ፣ ቅዳሜና እሑድ ማን ያጠጣል፣ ምርቱ የማን ነው። አራተኛውን ሰው ይስቅበታል። ቆስጣው ሲደርስ ግን ለተማሪዎች ይከፋፈል፣ ለሠራተኞች ይሸጥ፣ ለክበቡ ገቢ ይሁን የሚለው ክርክር እውነተኛ ነው። ተማሪዎቹ የደከሙበትን ሌላ ሰው ሲወስደው ካዩ በሚቀጥለው ሳምንት መቆፈሪያ የሚያነሣ አታገኙም።

ማስጠንቀቂያ፦ ቦታ ለማግኘት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ትታችሁ ውጡ፤ ለፕራክቲከም አስተባባሪያችሁም ንገሩ። ተማሪ ፀረ ተባይ እንዲረጭ አታድርጉ፣ ትንሽም ቢሆን። ያለ ትምህርት ቤቱ ፈቃድ ተማሪ ከበር አታስወጡ፣ ፎቶም አታንሡ።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

ጓደኛ ስላለበት መምረጥ። ሁለት ሠልጣኝ አንድ ሜንተር ሥር ሲሆኑ ክፍለ ጊዜው ይካፈላል፤ ሁለቱም ሳይሞላላቸው ይቀራል። አብራችሁ መሆን ከፈለጋችሁ ሁለት የግብርና መምህር ያለበትን ፈልጉ።

የተማሩበት ትምህርት ቤት መመለስ። መምህራኑ ልጅነታችሁን ያስታውሳሉ፤ እናንተም ማረም ሲገባችሁ ታፍራላችሁ። ለአንዳንዱ ይሠራል፣ ለአብዛኛው አይሠራም።

ግቢ ሲያዩ በአረንጓዴ ሣር መማረክ። ሣሩና አበባው ለማስዋብ የተተከለ ስለሆነ መቆፈር አይፈቀድም። «ከዚህ ውስጥ የትኛው ለትምህርት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

«ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነው የሚመድበን፣ ምርጫ የለንም» የሚሉኝም አሉ። እንደዚያ ከሆነ ደረጃ 2ን እና 7ን ዝለሉ፤ የቀረውን በተመደባችሁበት ትምህርት ቤት ሥሩበት። ትምህርት ቤቱን ባትመርጡም የትኛውን ሴክሽን፣ የትኛውን መምህርና የትኛውን መደብ እንደምትይዙ ብዙ ጊዜ መነጋገር ይቻላል። የሚቻለው ግን ፕሮግራም ከመውጣቱ በፊት ስለሆነ ምደባው በተለጠፈ በማግስቱ ሂዱ።